አቶ አምባዬ ለሹመት ሰመራ ገቡ

(ሰመራ፤ የክልሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በር ላይ። ከአዋሽ የመጣው ዐቃቤ ሕግ አምባዬ በሱፍ ልብስ ተጀቡኖ ላቡ ይንቆረቆራል። ሹፌሩ ፍሬምናጦስ በነጠላ ጫማ አጠገቡ ተቀምጧል።)

ፍሬምናጦስ፦ እኔ የምልዎት ከረባቱን ይፍቱት ነው! ፊትዎ እኮ በርበሬ መሰለ።

አምባዬ፦ አልፈታም አልኩህ! ሹመት የሚጠይቅ ሰው አንገቱን አስሮ ነው የሚገባው።

ፍሬምናጦስ፦ እኔ የማውቀው ታስሮ የሚገባ ተከሳሽ ነው።

አምባዬ፦ አፍህን ዝጋ! ትናንት መንገድ ላይ የነገርኩህ ገብቶሃል? እዚህ ውስጥ ያሉት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጭፍራ ላይ በተራ ዐቃቤ ሕግነት ጀመሩ። ከዚያ ዳኛ ሆኑ። ይኸው ዛሬ የክልሉ የሕግ ቁንጮ!

ፍሬምናጦስ፦ ማን ደግፏቸው?

አምባዬ፦ ማንም። ሰው ሲያወራ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ አሉ። በማዳመጥ ይሾማል እንዴ? ዕድል ነው እንጂ! እኔ ግን ዛሬ ምክትላቸው፣ ነገ ወንበራቸው ላይ።

ፍሬምናጦስ፦ እሳቸውስ የት ይቀመጣሉ?

አምባዬ፦ ቤታቸው! ለዛሬው ግን ትናንት እንዳልኩህ «ሲሾሙ ጊዜ በደስታ አለቀስኩ» እላቸዋለሁ።

ፍሬምናጦስ፦ ትናንት ስለ እሳቸው «ይሄ ሰው እንኳን መሥሪያ ቤት ፍየልም አያግድ» ያሉትስ?

አምባዬ፦ እሱን ካንተ በቀር ማን ሰማ?

ፍሬምናጦስ፦ እኔና... ሽማግሌው።

አምባዬ፦ የምን ሽማግሌ?

ፍሬምናጦስ፦ ትናንት ገዋኔ ላይ መኪናው ግሎ ስንቆም እርስዎ ተኝተው አልነበር? አንድ አፋር ሽማግሌ መጡና ሰላም ብለውኝ ቁጭ አሉ። ዳጉ ነዋ! መንገደኛና መንገደኛ ሲገናኝ ያየውን የሰማውን ይነጋገራል፤ መዋሸትም መሸሸግም ነውር ነው። እሳቸው ዝናብ የት እንደጣለ ነገሩኝ። እኔ ደግሞ ከእርስዎ በቀር ምን ወሬ አለኝ?

አምባዬ፦ ወንበሩን ነገርካቸው?

ፍሬምናጦስ፦ ወንበሩንም፣ ፍየሉንም፣ ለቅሶውንም። ትንሽ ልቀንስልዎ ብዬ ነበር፤ ነውር ሆነብኝ።

አምባዬ፦ (ከት ብሎ ይስቃል) ወይ አንተ ሞኝ! ሽማግሌው በግመል እዚህ እስኪደርሱ እኔ ተሹሜ ጡረታ ወጥቻለሁ!

ፍሬምናጦስ፦ ግመልማ መቼ ያዙ? ዲቾቶ በሚሄድ ከባድ መኪና ተሳፈሩ እንጂ።

አምባዬ፦ (ሳቁ ይቆማል) ዲቾቶ... በሰመራ አልፎ አይደል?

ፍሬምናጦስ፦ በሰመራ ነዋ። እኛ ሚሌ ስናድር አልፈውናል። ዳጉ ደግሞ የሰሙትን ለቀጣዩ ሰው ሳይነግሩ አያሳልፍም።

አምባዬ፦ ጉድ ሆንኩ! ፍሬው ወንድሜ፣ ሚስቴ እኮ አዋሽ ዕቃ ሸክፋ እየጠበቀችኝ ነው! ጎረቤቱ ሁሉ መርቆ ሸኝቶኛል! ምን ብዬ እመለሳለሁ?

(በሩ ይከፈታል። ጸሐፊዋ ሐቢባ ብቅ ትላለች።)

ሐቢባ፦ ከአዋሽ የመጣችሁት እናንተ ናችሁ?

አምባዬ፦ (ብድግ ብሎ) እኔ ነኝ እመቤቴ! አለቃዎ ሲሾሙ ጊዜ በደስታ...

ሐቢባ፦ ለቅሶውን ትናንት ማታ ሰምተነዋል። እርስዎ በሰላም ወደ አዋሽ ይመለሱ ብለዋል። (ወደ ፍሬምናጦስ ዞራ) አንተ ግን ግባ፤ ሻይ ቀርቦልሃል። ከገዋኔ ወዲህ ያለውን ወሬ ገና አልሰሙትም።

ፍሬምናጦስ፦ (ነጠላ ጫማውን እየጎተተ) ውይ፣ ከገዋኔ ወዲህ ያለውማ ይብሳል!