ክቡርነታቸው፣ የፍሬን ጠላት

የመኪና ውድድር ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ፍሬንን እንደ አባቱ ገዳይ የሚጠላ አንድ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው ራሱ አይወዳደርም፤ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ የሰውን ልጅ ከግድግዳ ጋር ያላትማል። ቀበቶ ለአሮጊት፣ የራስ ቁር ለፈሪ፣ ግጭት የሚያበርድ የጎማ ክምር ለባንክ ሠራተኛ የተሠራ ነው ይላል። ሹፌር ሲሞት ከእናቱ ቀድሞ ደረቱን የሚደቃው እሱ ነው፤ ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ «ያኔ ነበር ወንድ፣ ያኔ ነበር ሞት!» እያለ ወይኑን ይጎነጫል።

የእኛዋ ሞንተፎስኮ፣ እዚህ ጣሊያን፣ ሮማኛ ውስጥ ከውድድር ሜዳው አጥር ሥር የተለጠፈች ከተማ፣ ይህን ሰው በሙሉ ማዕረግ ይዛዋለች። ስማቸው ዳልማዚዮ ፉኔሊ ነው። ማዕረጉን የሰጣቸው መንግሥት የለም፤ እሳቸው ሲናገሩ ሌላ ሰው የመናገር ዕድል ስለሌለው ብቻ «ክቡርነታቸው» ተብለው ቀርተዋል። በወጣትነታቸው ሦስት ጊዜ ተወዳድረው፣ ሦስቱንም ጊዜ የጨረሱት አንድ የበቆሎ ማሳ ውስጥ ነው። በአራተኛው ዓመት የማሳው ባለቤት በቆሎውን ትቶ ድንች ተከለ፤ ድንች ቢያንስ አፈር ውስጥ ገብቶ ይደበቃል ብሎ።

የክቡርነታቸውን ፍዳ ከማንም በላይ የሚቀምሰው ኢቫሪስቶ ነው። ኢቫሪስቶ የከተማው ፋርማሲስት ነው። ለቄሱ እንኳ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሳል ሽሮፕ አይሸጥም፤ ሦስት ደረጃ ለመውጣት መደገፊያ ይይዛል። መከራው የተጀመረው አባቱ አራተኛውን ኩርባ ያወረሱት ቀን ነው። እኛ ዘንድ ኩርባ እንደ ቤተሰብ መቃብር ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በውድድር ቀን ባንዲራ ይዘው ኩርባ የሚጠብቁት ቤሳ የማይከፈላቸው የከተማው ሰዎች ናቸው፦ ጋጋሪው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ የሬሳ ሣጥን ነጋዴው (እሱስ ገበያውን ሊቃኝ ነው የሚሉ አሉ)። አደጋ ሲያዩ ቢጫውን ባንዲራ ያውለበልባሉ፤ ቢጫ በተውለበለበበት ቦታ ማንም ማንንም ቀድሞ ማለፍ አይችልም። ሥራው ይኸው ነው። የቀረው ቀን የሚያልፈው «የየትኛው ኩርባ ፓስታ ይጣፍጣል?» በሚል ጠብ ነው። በዚያ ጠብ ተኳርፈው የቀሩ ወንድማማቾች አሉን።

የአራተኛው ኩርባ ሁለት ወራሾች ታዲያ ኢቫሪስቶና ክቡርነታቸው ናቸው። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ሃያ ዓመት ኢቫሪስቶ በስሙ ተጠርቶ አያውቅም።

«አስፕሪን! ጓንትህን አደረግህ? ነፋስ እንዳይነክስህ!»

«ዳልማዚዮ፣ ከአጥሩ ወዲህ ና። መኪና ይወጣብሃል።»

«መኪና እኔን ያውቀኛል።»

«መኪና ማንንም አያውቅም።»

«አንተን አያውቅማ! አንተን ሚስትህስ መቼ አወቀችህና!»

አንድ ጊዜ የውድድሩ ማኅበር ሰዎች መጥተው፣ በአራተኛው ኩርባ ዳር ያለው ሣር ተነሥቶ የመኪና ፍጥነት የሚገታ ጠጠር ይፍሰስበት አሉ። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፤ ሁለት ወጣት ሹፌሮች እዚያው እግራቸውን ሰብረዋል። ክቡርነታቸው ከስብሰባው መሐል ተነሡ።

«እግር የተፈጠረው ነዳጅ ለመርገጥ ነው! ከረገጠ በኋላ ሥራውን ጨርሷል፤ ቢሰበርስ?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ካጨበጨቡት ውስጥ አንዱ ክራንች የያዘ ነበር፤ ክራንቹን ጥሎ ነው ያጨበጨበው።

ለነገሩ ማኅበሩም ከእሳቸው አይሻልም። ሰው ሲሞት አንድ መመሪያ ይጨምራል፤ መኪና ሲገለበጥ ደግሞ ያንኑ ምስል ትኬቱ ላይ አትሞ ይቸበችባል። በአንድ እጁ አጥር ያጥራል፣ በሌላው እጁ አጥሩን ለጣሰው ዋንጫ ይሸልማል። ክቡርነታቸው ቢያንስ ፊታቸው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከወይን የተነሣ ቀይ ነው።

ደግሞ ይህ የፍሬን ጠላት ራሳቸው መሪ ሲይዙ ማየት ነው! የቀብር አጀብ ጡሩምባ እየነፋ ያልፋቸዋል። እግረኛ ገና ቤቱ ሆኖ የጫማውን ክር ሲያስር፣ እሳቸው ማቋረጫው ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ወጣቶቹ «ምነው ክቡርነትዎ፣ እየገፉ ነው እንዴ የሚሄዱት?» ሲሏቸው፣ «መኪናዋ ሽማግሌ ናት፤ ሽማግሌ ይከበራል!» ብለው ያልፋሉ። በርግጥ ማለፍ ካልነው።

በዚህ ሰው እጅ ያደገች አንዲት ልጅ አለች፤ የልጃቸው ልጅ ሚርካ። ሌላው ሕፃን ጸሎት ሲማር እሷ የተማረችው የአያቷን ሃይማኖት ነው፦ «ክፍተት ካየሽ ግቢ። ክፍተት ከሌለ ገብተሽ ፍጠሪው።» እሷም ፈጠረች። ሹፌር ከሆነች ወዲህ ያልገጨችው መኪና ካለ ገና ከፋብሪካ ያልወጣ ነው። በቅጣት ብዛት የዳኞቹን የልደት ቀን እስከ ማወቅ ደርሳለች። የእጇ አንጓ የተሰበረ ጊዜ ክቡርነታቸው ፋርማሲው ድረስ መጥተው፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ እንዲሰማ፣

«ግራ እጇ ነው! ማርሽ የምትቀይረው በቀኝ ነው! ምንም አልሆነችም!» ብለው ጮኹ።

ሰው ወጥቶ ሲያልቅ ግን ባንኮኒው ላይ ደገፍ አሉና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጨጓራ የማይነካው የሕመም ማስታገሻ የትኛው እንደሆነ ጠየቁ። ኢቫሪስቶ ነገራቸው። እንደገና ጠየቁ። በሩ ላይ ደርሰው ተመለሱና አሁንም ጠየቁ። ኢቫሪስቶ ያን ቀን «ሽማግሌው ጆሮውም ከዳው» ብሎ በሆዱ ሳቀ።

እንግዲህ የዘንድሮው የመጨረሻ ውድድር መጣ። አንድ ትልቅ ቡድን ለሚቀጥለው ዓመት ያለው ባዶ የሹፌር ወንበር አንድ ብቻ ነበር። የቡድኑ ባለቤት ነገሩን አላወሳሰበውም፤ ሚርካና ባልዳሪ የሚባለው ጎረምሳ በነጥብ እኩል ስለነበሩ፣ ከሁለቱ ቀድሞ የገባ መኪናውን ይወስዳል፣ ኋላ የቀረ ቤቱ ይገባል። ክቡርነታቸው ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ከተማውም አልነበረውም።

ያን ቀን ያካፋ ነበር። መንገዱ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በመጨረሻው ዙር ባልዳሪ ከፊት፣ ሚርካ ከጭራው ተለጥፋ ወደ አራተኛው ኩርባ መጡ። ከዚያ ወዲያ መቅደሚያ ቦታ የለም። ባልዳሪ ፍሬን ያዘ። ሚርካ አልያዘችም፤ የመኪናዋን አፍንጫ በውስጥ በኩል፣ በባልዳሪና በግድግዳው መካከል ሰካችው። ክፍተቱ ለቀጭን ድመት ይበቃ ይሆናል፤ እሱም ድመቷ ትንፋሿን ከያዘች ነው። አያቷ ዕድሜ ልኳን የሰበኩላት ክፍተት ይኸው ነበር።

ኢቫሪስቶ ዓይኑን ሊጨፍን ሲል አጠገቡ አንድ ቢጫ ነገር ተርገበገበ። ክቡርነታቸው ባንዲራውን እንደ ንብ መንጋ አባራሪ ያወናጭፉታል።

ሚርካ አየች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሯን ከነዳጁ ላይ አነሣች። ባልዳሪ አለፈ፤ አንደኛ ሆኖ ገባ፤ ወንበሩንም ወሰደ። ባትተወው ኖሮ ታልፍ ነበር የሚሉ አሉ፤ ከግድግዳው ላይ እንለቅማት ነበር የሚሉም አሉ። እስከ ዛሬ ይጣላሉ።

መኪኖቹ ካለፉ በኋላም ክቡርነታቸው ማውለብለባቸውን አልተውም። ኢቫሪስቶ ክንዳቸውን ይዞ በግድ አወረደው። መንገዱን ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ። የተጋጨ የለም፤ የፈሰሰ ዘይት የለም፤ የወደቀ ነገር የለም።

«ዳልማዚዮ፣ ምን አይተህ ነው?»

ክቡርነታቸው ባንዲራውን መጠቅለል ጀመሩ።

«ምን አይተህ ነው ያውለበለብከው?»

«ጥንቸል።»

«የምን ጥንቸል?»

«ጥንቸል ነዋ! ጥንቸል አታውቅም? ጆሮ ያለው!»

የሚርካ ቡድን አቤቱታ አቀረበ። ዋናው ዳኛ ኢንጂነር ስካርፔሊ፣ ሳቅን እንደ ቅባት ምግብ በሐኪም ትእዛዝ የተወ ሰው፣ ሁሉንም ቢሮው ጠራ። ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል፦ ያለ ምክንያት ቢጫ ያውለበለበ ሰው ኩርባውን ለዘላለም ይነጠቃል። ከዚያ የባሰው ግን ሕግ ውስጥ የለም። ጥንቸል ከሌለ፣ የልጅቷን ወንበር የወሰደባት የገዛ አያቷ ነው። ያውም ፈርቶ።

ክቡርነታቸው አስቀድመው ገብተው ተጠየቁ። ኢቫሪስቶ ውጭ ተቀምጦ ጠበቀ። እንዲህ ያለ ቀን በዕድሜ አንዴ ነው የሚገኘው! «አላየሁም» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ እውነትም ነው፣ ሕግም ነው፣ ሃያ ዓመት የተጠራቀመ አስፕሪን ሁሉ በአንድ ቃል ይወራረዳል። ደግሞ በውሸት ቃል ሰጥቶ አያውቅም። ተጠርቶ ሲገባ በልቡ ቃሉን እያላመጠ ነበር።

ሚርካ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ልብሷ ውኃ ያንጠባጥባል፣ ወደ አያቷ አታይም። ክቡርነታቸው ወንበር ላይ ናቸው። ባንዲራውን ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ ጨብጠውታል፤ ማንም ሊያስጥላቸው አልቻለም።  ኢቫሪስቶ ያን ጊዜ፣ ያን ቀን ስለ ማስታገሻው ደጋግመው የጠየቁት ጆሯቸው ከድቷቸው ሳይሆን ለልጅቷ ፈርተው እንደ ነበር ገባው።

«አቶ ፋርማሲስት፣» አለ ኢንጂነሩ፣ «ጥንቸል አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

ክቡርነታቸው ቀና አሉ።

«ቀለሙ ምን ዓይነት ነበር?»

«ቡኒ።»

ኢንጂነሩ አይጥ እንዳየች ድመት ወደ ፊት ዘመም አለ። «አቶ ፉኔሊ ግራጫ ነው ብለውኛል።»

 ኢቫሪስቶ በሕይወቱ ያለ ማዘዣ ያደረገውን የመጀመሪያ ነገር አደረገ።

«ግራጫውማ ሁለተኛው ነው።»

 ኢንጂነሩ ፊቱን ቀስ ብሎ ወደ ሚርካ አዞረ። «አንቺስ? መኪናው ውስጥ ነበርሽ፣ ከማንም በላይ አንቺ ነሽ ተጎጂዋ። ጥንቸል አየሽ?»

ሚርካ አያቷን አሁን አየቻቸው። እጃቸውንም አየች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ ለአንድ ዓመት ሙሉ ድካም የሚበቃ ጊዜ። ጥርሷን እንደ ነከሰች፣

«እኔ ያየሁት ነጩን ነው» አለች።

ኢንጂነሩ መነጽሩን አወለቀና የአቤቱታውን መዝገብ ዘጋ። «ውጡልኝ፤ ሁላችሁም ውጡልኝ!»

ሚርካ ቀድማ ተነቃነቀች። አያቷ አጠገብ ስትደርስ ቆመች፤ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አላቅቃ ባንዲራውን ወሰደችና ወደ ካፊያው ወጣች። ክቡርነታቸው ኮሪደሩ ላይ ደርሰው አፋቸውን ከፈቱ። ያ ከተማውን ሲያስጨበጭብ የኖረ አፍ ተከፍቶ ቀረ፤ ምንም አልወጣውም። ኢቫሪስቶ ይህን ዝምታ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲመኘው ኖሯል። ሲመጣለት ግን መሸከም አቃተው። ሽማግሌውን ትከሻቸውን ይዞ ነቀነቃቸው።

«ዳልማዚዮ! ኧረ በል እንጂ፣ ስደበኝ!»