የአሻግሬ ሦስት ጥናቶችና የወይዘሮ ሸዋገነት ንዴት

ሁሉን ነገር ካላጠናሁ ብሎ ሰው የሚያስጨንቅ ሰው የሌለበት ከተማ እስካሁን አልተቆረቆረም። ሌላው ዝናብ ሲመጣ ይሮጣል፤ እሱ ቆሞ ደመናውን ይመዘግባል። ለቅሶ ቤት ገብቶ ማን ከማን በኋላ እንዳለቀሰ ሳይጽፍ አይወጣም። ሰላም ስትሉት ደብተሩን አውጥቶ «አሁን ሰላም ሲሉኝ ምን ተሰማዎት?» ይላችኋል። መንግሥት ተለውጧል፣ የመንገድ ስም ተለውጧል፤ እሱ ግን ያው ነው።

የአምቦው አሻግሬ ይባላል። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው የሒሳብ መምህር ነው። ለከተማው ሰው የጋራ ቀልድ ነበር፤ ለወይዘሮ ሸዋገነት ግን የግል መቅሠፍት። ወይዘሮ ሸዋገነት በአንድ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ታይፕ የመቱ፣ ከፊደል ግድፈትና ከሰነፍ ሰው በቀር የሚጠሉት ነገር የሌለ፣ የተከበሩ ሴት ናቸው። በ1978 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱ ታይፕ ተሰበረና አሻግሬ በምሳ ሰዓት በራቸውን አንኳኳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳቸውን ተረጋግተው በልተው አያውቁም።

በመጀመሪያ ያመጣው የሒሳብ ጥናት ነበር። አርባ ገጽ።

«ይህ የተገለበጠ ኤ ምንድን ነው?» አሉት።

«‹ለሁሉም› ማለት ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ለሁሉም ብለህ አትጽፍም? ፊደል አነሰን?»

«እንዲያጥር ብዬ ነው።»

«አርባ ገጽ ቆልለህብኝ ስለ ማሳጠር ታወራለህ! ለመሆኑ ስለ ምንድን ነው?»

«ነገሮችን ቦታ ብናለዋውጣቸው ሳይለወጥ የሚቀረውን ነው የማጠናው።»

«የምን ነገሮች?»

«ማናቸውም ነገሮች።»

ከሁሉ ያናደዳቸው ይህ «ማናቸውም» ነበር። ሰው ስለ ከብት ያጠናል፤ ስለ ጤፍ ያጠናል፤ ስለ ማናቸውም ነገር ማጥናት ማለት ሥራ መፍታት ነው። ይህንኑ ፊት ለፊት ነገሩት። ከዚያም ታይፑ የማያውቃቸውን ምልክቶች ቦታ ክፍት እየተዉ አርባውን ገጽ መቱለት፤ እሱም ክፍቱን ቦታ በእስክሪብቶ ሞላው። አንዱን ምልክት ስለዘለለ ደግሞ ጠርተው ተቆጡት።

በሁለተኛው ጥናት ባሰበት። ከአንድ ፎቶ ቤት ባለቤቶቻቸው ያልወሰዷቸውን አሮጌ ፎቶዎች ለምኖ ሰበሰበ። ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና እየተንጠላጠለ ጌዶ፣ እጃጂና ካቺሲ ገበያ ይሄድና ፎቶዎቹን ለሰው እያሳየ «ይህ ሰው ምን ተሰምቶታል?» ብሎ ይጠይቃል፤ በሥራ ቀን ደግሞ የአምቦን የቢሮ ሰዎች ይጠይቃል። ካቺሲ ላይ አንድ ሽማግሌ ፎቶውን ፀሐይ ላይ አገላብጠው አይተው፣ «ጫማው ጠቦታል» አሉት። መዘገበው! ወይዘሮ ሸዋገነትም «ጫማው ጠቦታል» የሚለውን በመንግሥት ታይፕ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገቡት።

«በል እንግዲህ» አሉት አንድ ቀን ጣታቸውን ከታይፑ አንስተው፣ «የፊት ሊቅ ነህ። እኔ አሁን ምን ተሰምቶኛል?»

ረጅም ጊዜ አያቸው። «ደክሞዎታል።»

«ተናድጃለሁ!»

አሻግሬ አንገቱን ደፋ። «እኔ እኮ ስለማልችል ነው የማጠናው፣ እትዬ» አለ። «ከልጅነቴ ጀምሮ እናቴ እንኳ ስትቆጣ የማውቀው ከተመታሁ በኋላ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር። ሳጠናው ግን ሌላውም አያውቅም። የሚያውቅ ይመስለዋል እንጂ።»

ወይዘሮ ሸዋገነት ወደ ታይፑ ዞሩ። የቀረውን ገጽ ታይፑ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ መቱት።

ሦስተኛው ጥናት ስለ ወንዝ ነው። ከእጃጂ ከፍ ብሎ አንድ ድርጅት በጨው የታሸ ቆዳ የሚያጥብበት ቦታ ነበረው። እጣቢው ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ከወንዙ ግርጌ ያለው መንደር ያንኑ ውኃ ይጠጣል። አሻግሬ ለፎቶው ጥናት ገበያ ሲመላለስ የመንደሩ ሴቶች ነገሩት። ወረደና በየቤቱ እየዞረ የሞተ ከብት፣ ቆዳው የቆሳሰለ ሕፃን፣ ሽታው አላስጠጋ ያለ ምንጭ መዘገበ። ቦጋለች የምትባል ሴት ሁለት ላሞቿ የሞቱበትን ቦታ እየመራች አሳየችው። ይህን ሁሉ ከጻፈ በኋላ መጨረሻው ላይ እንዲህ የሚል አረፍተ ነገር ጨመረ፦ «የላይኛውን ሰው ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ ብናዛውር፣ ሁለቱም ያኔም በውሳኔው ከተስማሙ ውሳኔው ፍትሃዊ ነው።»

«ይኸው ያ የማናቸውም ነገር ሒሳብህ መጣ!» አሉ ወይዘሮ ሸዋገነት።

«አዎ፣ እትዬ። ያው ነው» አለ፤ ደስ አለው።

ያ ጥናት ለድርጅቱ ደረሰና በእጃጂ ስብሰባ ተጠራ። የድርጅቱ ታይፒስት ወልዳ ቤቷ ስለነበረች ቃለ ጉባኤ ለመያዝ ወይዘሮ ሸዋገነት በትውስት ተላኩ። እዚያ ሲደርሱ ስልሳ የሚሆኑ የመንደር ሰዎች ሜዳው ላይ ተቀምጠዋል። የድርጅቱ ኃላፊ ጓድ ዘገየ አንድ ሰዓት ሙሉ በአማርኛ ስለ ቆዳ ኤክስፖርት አስረዳ። አንድም ሰው ወደ ኦሮምኛ አላስተረጎመለትም፤ እሱም አልጠየቀም። ጨርሶ «የሚቃወም እጁን ያውጣ!» አለ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን ነክሰው መሬት መሬት ያያሉ። ቦጋለች የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋለች።

ከሰዉ ጋር የተቀመጠው አሻግሬ ብቻ እጁን አወጣ። «ጓድ ዘገየ፣ ቤትዎን ከወንዙ ግርጌ አድርገን ብናስብ፣ ውሳኔዎ ይህ ይሆን ነበር?»

«አንተ የዚህ መንደር ነዋሪ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ቁጭ በል!»

ስብሰባው ተበተነ። ጓድ ዘገየ ቢሮው ገብቶ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አደረገና ወይዘሮ ሸዋገነትን ያስጽፋቸው ጀመር። «ጻፊ። የአካባቢው ሕዝብ በተሰጠው ማብራሪያ ሙሉ በሙሉ ተስማምቶ፣ ጥልቅ ደስታውን ገልጿል።»

የልጃቸው እኩያ የሆነ ሰው «ጻፊ» ሲላቸው ጆሯቸው ጋለ። ግን እሱን ለጊዜው ዋጡት።

«ደስታውን በምን ገለጸ?» አሉ።

«አላየሻቸውም እንዴ? ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ ብለው ነበር።»

እዚህ ላይ ነው ወይዘሮ ሸዋገነት ቀጥ ያሉት። ያን የፊት ጥናት አራት ጊዜ ደጋግመው መትተውታል። ከንፈሯን የነከሰች አንዲት ገበሬ ፎቶ አርባ የቢሮ ሰዎች አይተው ሠላሳ አንዱ «ተስማምታለች» ብለዋል። አርባ የገበያ ሰዎች አይተው ሠላሳ ስምንቱ «አርቴቲ» ብለዋል፤ በኦሮምኛ ተቆጥታለች ማለት ነው። ያንን ሠንጠረዥ ሲመቱ የወረቀት ብክነት መስሏቸው ነበር። አሁን ሠላሳ ሁለተኛው ሰው ወንበር ላይ ተለጥጦ ያስጽፋቸዋል።

«እኔ አምቦ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ» አሉ። «ስብሰባው ላይ ከጎናቸው ነበር የተቀመጥሁት። ሲያንሾካሹኩ ሰምቻለሁ። አልተስማሙም።»

«የታዘዝሽውን ጻፊ!»

«የሰማሁትን ነው የምጽፈው። ቃለ ጉባኤ ማለት እሱ ነው» ብለው ደብተራቸውን ይዘው ወጡ።

አምቦ ተመልሰው ጻፉት። «ተሰብሳቢዎቹ አልተስማሙም። ተቆጥተዋል። የተቆጡበትም ምክንያት የሚከተለው ነው» ብለው ጀመሩና የአሻግሬን ጥናት አንድ ቃል ሳይነኩ በአባሪነት አያያዙት። በሚቀጥለው ቅዳሜ በገዛ ፈቃዳቸው እጃጂ ሄዱ። ቦጋለች መንደሩን ሰበሰበች፤ እሳቸው የጻፉትን እየመለሱ በኦሮምኛ አነበቡ። በየአረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሰዉ «ኤዬ!» እያለ ያጸድቃል። አንድ ቦታ ላይ ቦጋለች አስቆመቻቸው። «‹ላሞቿ ታመው ሞቱ› ይላል። ታመው አይደለም። ጠጥተው ነው የሞቱት። እንደሱ ይጻፍ» አለች። አረሙት። አምሳ ስምንት ሰው በጣቱ አሻራ ፈረመ። በጓድ ዘገየ ስም ትይዩ «ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆነም» ብለው ጻፉ። ከዚያ ወጪ ቁጥር ሰጡትና ግልባጭ ለጤና፣ ግልባጭ ለእርሻ፣ ግልባጭ ለአስተዳደር፣ ግልባጭ አድራሻውን ለሚያውቁት መሥሪያ ቤት ሁሉ ላኩት።

አሻግሬ ሲሰማ ሮጦ መጣ። «እትዬ፣ ምን አደረጉ? እኔ እኮ በስሜ እልከው ነበር። ከሥራ ያስወጡዎታል!»

«ያንተን ጽሑፍ ማን ያነበዋል? እንደገና ልታጨቀየው ነው? ሂድ፣ ወደ ክፍልህ ሂድ!»

ከሦስት ወር በኋላ መርማሪዎች መጡ። ውኃውን በጠርሙስ ቀድተው ወሰዱ፤ መንደሩን ዞሩ። በመጨረሻ የቆዳ ማጠቢያው ከመንደሩ በታች ወዳለ ጉድጓድ እንዲዛወር ታዘዘ። ለቦጋለች ላሞች ካሳ የሰጣት የለም፤ ይቅርታ የጠየቃትም የለም። እጣቢውን ሲያወርድ የኖረው ጓድ ዘገየ በቦታው ቀረ። የተቀጡት ሌሎች ናቸው። ወይዘሮ ሸዋገነት «ለሥራ ቅልጥፍና» ተብሎ መስኮት ወደሌለው የመዝገብ ክፍል ተዛወሩ። አሻግሬም በዚያው ቅልጥፍና ወደ ካቺሲ ተላከ።

የሄደ ዕለት እሳቸው መናኸሪያ አልሄዱም። ሥራ አለብኝ አሉ። ግን ያን ቀን ከመዝገብ ክፍሉ የወጣው ደብዳቤ ሁሉ ግድፈት ነበረበት፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።

በሳምንቱ አለቃቸው ወደ መዝገብ ክፍሉ ብቅ ብሎ፣ ያጽናናቸው መስሎት፣ ሳቅ እያለ «እንግዲህ ከዚያ እብድ ተገላገሉ፣ ወይዘሮ ሸዋገነት» አላቸው።

ወይዘሮ ሸዋገነት መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማንን ነው እብድ የምትለው?»

«ያንን የፎቶውን ሰውዬ ነዋ። እርስዎም ራስዎ በየቀኑ እብድ ሲሉት አልነበረም?»

«እኔ ልበለው! እኔ አርባ ገጹንም፣ ጠባብ ጫማውንም፣ ወንዙንም ምሳዬን ትቼ መትቼለታለሁ። እብድ የማለት መብት አለኝ። አንተ አንዲት ገጽ አንብበህለታል? አላነበብክም። እንግዲያው ስሙን ስትጠራ ‹መምህር አሻግሬ› ነው የምትለው። መምህር። በል፣ በሩን ዝጋልኝ፤ ነፋስ እየገባብኝ ነው።»