ጋሽ አሸዋና የእህቴ ጉድጓድ

ስለ ጎረቤታችን ስለ ጋሽ አሸዋ የሚወራው እንዲህ ነው፦ ቤት ዘግተው አሸዋ ሲቆጥሩ ስለሚውሉ ሚስታቸው አንቅራ ተፋቻቸውና ሄደች። ወሬውን ካሰራጩት አንዱ ስለሆንኩ ማረሙም የእኔ ፋንታ ነው። የሚቆጥረው ኮምፒውተሩ ነው። ሚስታቸውም የሄደችው ወደ ማዶው ክፍል ነው፤ የማሽኑ ማራገቢያ ስልክ አላስወራ ብሏት።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም፤ "ደህና አደሩ?" ሲሉት መልሱን ለማጥናት ጊዜ የሚጠይቅ። ክቡርነታቸው አርባ ሺህ ፍሬ አሸዋ ኮምፒውተር ውስጥ ያጉራሉ። ከዚያ ላዩን ወደ ቀኝ፣ ታቹን ወደ ግራ ይገፉና ማን ማንን እንደሚረግጥ ያያሉ። ላላ ያለው ሲገፉት ይሰምጣል። ጥቅጥቅ ያለው ግን መተላለፊያ ስለሌለው አንዱ በሌላው ላይ እየወጣ ያብጣል፤ መጀመሪያ ይገግማል፣ ኋላ ይለዝባል። ይህን ካወቁ ወዲህ ለዓለም ሁሉ ያላቸው ጥያቄ አንድ ነው፦ "ላላ ያለ ነው ጥቅጥቅ ያለ?" አውቶቡሱ ሞልቷል ሲሏቸው ይጠይቃሉ። የአክስቴ ልጅ ልታገባ ነው ብላቸውም ጠየቁኝ።

እህቴ ከአሸዋማው ቁልቁለት ስር አንዲት ክፍል ልትጨምር ግንበኛ ቀጠረች። "ጋሼ፣ ሲቆፈር ይናድብን ይሆን?" አለቻቸው። አንድ ባልዲ አሸዋ ይዘው ገቡና ሦስት ሳምንት ጠፉ። ስናንኳኳ በመስኮት ብቅ ብለው "ውጤቱ ገና ነው" ይላሉ። ግንበኛ መቼም ውጤት አይጠብቅም፤ ከሰው ቁመት በላይ ቆፈረ።

አንድ ማክሰኞ፣ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል፣ ክቡርነታቸው በነጠላ ጫማ መጥተው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ግድግዳውን አዩ። እርጥብ የነበረው የአሸዋ ግድግዳ ደርቆ፣ ፍሬው አንድ ሁለት እያለ ይንከባለላል።

"ውጣ" አሉት ግንበኛውን።

"ጋሼ፣ ላላ ያለ ነው ጥቅጥቅ ያለ?" አለ ከታች። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

"ውጣ አልኩህ እኮ አንተ።"

ሲቆጡ አይተናቸው ስለማናውቅ፣ ሰውየው ለጉዱ ብሎ ወጣ። ቀበቶውን አጥብቆ ሳይጨርስ ግድግዳው ተናደ። አካፋው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እህቴ እጃቸውን ሳመች። እኔም ከእንግዲህ በእሳቸው ላይ ላላወራ ማልኩ፤ እስከ ሐሙስ ችያለሁ።

"ያ ኮምፒውተር ጉድ ነው" አለ ግንበኛው። "አውቆታል እኮ።"

ጋሽ አሸዋ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው አራገፉ።

"ውጤቱማ ዛሬ ጠዋት ወጥቶ ነበር" አሉ። "ይቆማል ነው ያለው።"