አፈር አሽታቹ አያ ታከለ

ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል፤ የአፈር ዘር የሚቆጥር ሰው ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጎረቤቴ አያ ታከለ ይቆጥራሉ። በደርግ ጊዜ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ቤት ሊገዙ ሲሄዱ ተከተልኋቸው። ጣሪያውን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ ከግቢው አፈር ዘግነው አሸተቱና ጮኹ።

«ኧረ ጉድ! ይህ ግቢ ማኪና ሲጠገንበት የኖረ ነው፤ ናፍጣ ጠጥቷል!»

ከግቢው የውሃ ጉድጓድ ቀዳሁ፤ በስመ አብ! ዘይት ተንሳፍፎበታል። ልጆቻቸው ይህን ሊጠጡ?

ሻጩ ግን አልደነገጠም። «ምነው አያ፣ እኔ የምሸጠው ቤቱን ነው፤ መሬቱ የመንግሥት ነው። የመንግሥት መሬት ገማ ነው የሚሉት?» አለ ጮክ ብሎ።

በአጥሩ ላይ ሲያዩን የነበሩ ጎረቤቶች ብን ብለው ጠፉ። አያ ታከለ የጨበጡትን አፈር እንደገና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«ሸጋ ነው» አሉ።