የጋሽ ይማም ሰባት ሙከራ

ከእናንተ መካከል አሥራ አንድን የሚፈራ አለ? ቁጥሩን ማለቴ ነው። እባብ የሚፈራ ሞልቷል። ከፍታ የሚፈራ አለ። መርፌ ሲያይ ተዝለፍልፎ የሚወድቅ ጎረምሳም አውቃለሁ። እኔ ደግሞ አሥራ አንድን እፈራለሁ። አትሳቁ፤ ላስረዳችሁ።

ማስረዳት እወዳለሁ። ይሄን መርሳ ከተማ ውስጥ የማያውቅ የለም። ባጃጅ ተራው አጠገብ ስልክ እጠግናለሁ። ስልኩ ለምን እንደተበላሸ አስረድቼ ሳልጨርስ ደንበኛው ተቀብሎኝ ይሄዳል። ሳይጠገንለት ይዞት የሄደም አለ። ኮምፒውተር የሚባለውን ነገር ትምህርት ቤት አልተማርኩም። ያስተማሩኝ ስልኬና ጋሽ ይማም ናቸው።

ጋሽ ይማም ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ለብቻቸው ነው የሚኖሩት። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ከድጃ የምትባል፤ ወልድያ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ሳሎናቸው ውስጥ ደግሞ አንድ ጉድ አላቸው። ድሮ ሲሪንቃ አካባቢ ለሥራ ከርሞ የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጣቸው ኮምፒውተር።

ኮምፒውተር ስላችሁ ላፕቶፕ እንዳታስቡ። የመጽሐፍ ውፍረት ያላት ኪቦርድ ናት፣ በቃ። ሁሉ ነገሯ እዚያው ሆዷ ውስጥ ነው። ስክሪን የላትም፤ ጀርባው ካበጠ የድሮ ቴሌቪዥን ጋር በአንቴና ገመድ ትገናኛለች። በስልኬ ያነሳኋት አንዲት ፎቶ እንኳ አትገባባትም። ስታጠፏት ደግሞ የነገራችኋትን ሁሉ ትረሳለች። ስለዚህ ፕሮግራሟ የሚቀመጠው በካሴት ነው። አዎ፣ በቴፕ ካሴት! ጋሽ ይማም ባዶ ካሴት ስላላገኙ መንዙማ ያለበት ካሴት መጨረሻ ላይ ቀዱት። መንዙማው ያልቅና ድንገት ጭርርርር የሚል ጩኸት ይጀምራል። ፕሮግራሙ ያ ጩኸት ነው። አንድ ጊዜ ጎረቤታቸው እትዬ ፋጤ ካሴቱን ተውሰው በተመስጦ ሲያዳምጡ ጩኸቱ መጣባቸው። «አዑዙ ቢላህ!» ብለው ቴፑን ከነገመዱ ግቢው መሐል ወረወሩት። ሸይጧን ሳይሆን የቁጥር ጨዋታ እንደሆነ ላስረዳቸው ሄድኩ። በር አልከፈቱልኝም።

ጨዋታው ይሄ ነው። ማሽኗ ከአንድ እስከ መቶ ካሉት አንዱን ቁጥር ትይዛለች። እናንተ ትገምታላችሁ። የያዘችው ካላችሁት ከበለጠ የመደመር ምልክት ታሳያለች፤ ካነሰ የመቀነስ። ስታገኙላት ታፏጫለች። እንዴት ይገኛል? በዘፈቀደ ከሆነ ሲመሽ ትደርሳላችሁ። ዘዴው እኩል መክፈል ነው። ሃምሳ ትላላችሁ። መደመር ካለች ከሃምሳ በታች ያለው ሁሉ ተሰናበተ። ሰባ አምስት ትላላችሁ። ከቀረውም ግማሹ ተሰናበተ። እንዲህ እያላችሁ ከሄዳችሁ፣ ወላሂ፣ ከሰባት ሙከራ አታልፉም።

ዘዴዋ ከጨዋታም አልፋ ታገለግላለች። አንድ ጊዜ ሰፈራችን ውኃ ጠፋ። ቧንቧው የት ጋ እንደተደፈነ የሚያውቅ የለም። ወንዶቹ ከጫፍ ጀምረው ሊቆፍሩ ዶማ አነሱ። መሐሉን ቆፍሩ አልኳቸው። መሐሉ ላይ ውኃ ካለ ችግሩ ከዚያ በታች ነው፤ ከሌለ ከዚያ በላይ። በአራተኛው ጉድጓድ ተገኘ። ተመሰገንኩ? አልተመሰገንኩም። መሐል የሆነው ቦታ ለካ የእትዬ ፋጤ ደጃፍ ኖሯል። ሳምንት ሙሉ ጉድጓድ እየዘለሉ ወጡ፣ ገቡ። በር ያልከፈቱልኝ በጩኸቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ወደ ጋሽ ይማም ልመለስ። እሳቸው የሚጫወቱት ለጨዋታ ብለው አልነበረም። ታላቅ ወንድማቸው በመጨረሻው ዘመናቸው አእምሯቸው ከድቷቸው በገዛ ቤታቸው ተቀምጠው «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ይሉ ነበር አሉ። ጋሽ ይማም ከሞት አብልጠው የሚፈሩት ይሄን ነው። ስለዚህ በየቅዳሜው፣ ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት መልስ፣ በማሽኗ ራሳቸውን ይፈትናሉ። ምስክሩ እኔ ነኝ።

«አብዱ» አሉኝ አንድ ቀን፣ «አእምሮው የሚሄድበት ሰው መሄዱን አያውቅም። ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ከሰባት ካለፍኩ ለከድጃ ንገራት። መጥታ ትውሰደኝ። አማና ነው።»

አማና፣ ያው አደራ፣ ከተባለ ቀልድ የለም። እሺ አልኩ። ያኔ እሺ ማለት ምን ይከብዳል? ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰባት አልፈው አያውቁም። ከድጃ ደግሞ እንኳን ምክንያት አግኝታ እንዲያውም ወልድያ ካልወሰድኳቸው እያለች ነው። እሳቸው ከቤቴ የምወጣው ተሸክመውኝ ነው ይላሉ። እኔስ? እውነቱን ልንገራችሁ፤ መርሳ ውስጥ አንድ ነገር ሳስረዳ እስከ መጨረሻው የሚሰሙኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። እሳቸው ከሄዱ ለማን ላወራ ነው?

እና ያ ቅዳሜ መጣ። የከሰዓት ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ገብታ ሳሎኑን ሞልታዋለች። ማሽኗ የያዘችው ሰማንያ ሦስትን ነበር፤ ያኔ አላወቅንም እንጂ። ጋሼ ሃምሳ አሉ። መደመር። ሰባ አምስት። መደመር። ከዚያ ስንት ቢሉ ጥሩ ነው? ስልሳ ሁለት! ማሽኗ ጨምር ስትል እሳቸው ቀነሱ። መደመር። ሃምሳ ስድስት አሉ። መደመር። ሃምሳ ሦስት። መደመር። ሃምሳ አንድ። መደመር። እጃቸው ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ከወንበራቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉና እንደገና ከላይ፣ ከዘጠና ጀመሩ። ማሽኗ ስታፏጭ በጣታቸው ሲቆጥሩ ነበር።

«አሥራ አንድ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ዛሬ ደክሞኛል።»

ማታውን ከድጃ ደወለች። «አብዱዬ፣ አባባ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ።»

ቀጣዩ ቅዳሜ አሥራ ሦስት ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ለጠላት አይስጥ። ፍርሃት ሲይዛችሁ ሁሉም ነገር ምልክት ይሆናል። ሻይ ሲያፈሉልኝ በስኳር ፈንታ ጨው ጨመሩበት። ጠጣሁት! እንዳይደነግጡ ብዬ ጨው ያለው ሻይ እስከ አተላው ጨለጥኩት። በማግሥቱ ግቢ ገመድ ላይ የተሰጣ ጋቢ አይተው «አሰላሙ ዓለይኩም» አሉት፤ ስላልመለሰላቸውም ቅር አላቸው። በቃ፣ አበቃላቸው አልኩ። አንድ ቅዳሜ ቀረ። አንድ ብቻ። ከዚያ አማናው አለ፣ ስልኩ አለ፣ ወልድያ አለች።

ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ሐሙስ ዕለት ለዙሁር ሶላት ወደ መስጊድ ሲወጡ ማሽኗን አቧራ ላራግፍላት ብዬ ቀረሁ። ፕሮግራሙ ውስጥ አንዲት መስመር አስገባሁ። የመስመሯ ትርጉም ይሄ ነው፤ ሙከራው ሰባት ከሞላ የመጣው ቁጥር ምንም ይሁን ምን፣ አገኘህ ብለሽ አፏጪ። አያችሁ ቅለቷን? ካሴቱ ላይ ስቀዳው ግን ፈራሁ፤ ትንሽ ወደ ኋላ ካጠነጠንኩ የምሰርዘው መንዙማ ነው! ላብ በላብ ሆኜ ጨረስኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። ጋሼ ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ። በሰባት ማሽኗ አፏጨች። ተነፈስኩ። «ማሻአላህ ጋሼ!» አልኩ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ። እሳቸው አልሳቁም። እንደገና ተጫወቱ። ሰባት። እንደገና። ሰባት። እንደገና። ሰባት። የሒሳብ መምህርን በሒሳብ ለማታለል መሞከር ምን ዓይነት ድፍረት ነው? በደህናው ጊዜ አንዳንዴ በአራት፣ አንዳንዴ በስድስት ነበር የሚያገኙት። ጋሼ ቀና አሉ። ከዚያ አንድን ነካ አደረጉ። መደመር። እንደገና አንድ። እንደገና አንድ። ሰባት ጊዜ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። በሰባተኛው ማሽኗ፣ ሳታፍር፣ አፏጨች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት።

«አብዱ።»

«አቤት ጋሼ።»

«አደራዬን በላህ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ድምፃቸው ግን ቀጭን ሆነ። «እስከዚህ ድረስ አይተኸኛል ማለት ነው። እኔ ድካም ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ነበር። ደውልላት።»

«ጋሼ፣ አንቱ ኮ…»

«ደውልላት አልኩህ!»

ደወልኩ። ያቺን ስልክ ስደውል ያለቀስኩትን አትጠይቁኝ።

ከድጃ በማግሥቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣች። እሁድን ሙሉ ሻንጣ ስታዘጋጅ ዋለች። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ወደ አሥር ሰዓት ላይ እስቲ ያ ጨዋታ የምትሉት ምንድን ነው፣ አሳዩኝ አለች። እኔ መስመሬን ነቅዬ፣ ዘዴውን፣ እኩል መክፈሉን፣ ቧንቧውን ሳይቀር አስረዳኋት። ከድጃ ሒሳብ አትወድም። አልሰማችኝም፤ አባቷን ነው የምታየው። ሃምሳ አሉ። መደመር ወጣ። ሃያ አምስት አሉ።

«አባባ፣ ለምን ቀነሱ?»

«ቀንስ ስላለኝ ነዋ።»

«ምን ሆኖ ነው የታየዎት?»

«የተጋደመ መስመር ነዋ! መቀነስ።»

«የቆመውስ መስመር?»

«የቱ የቆመ?»

ከድጃ ተነሥታ መጋረጃውን ዘጋችና መብራቱን አበራች። አገጫቸውን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረቻቸው። የቀኝ ዓይናቸው መሐሉ ላይ ወተት ጠብ ያለበት ይመስል ነበር። ግራውም ጀምሮታል። እኔ ስንት ቅዳሜ አጠገባቸው ተቀመጥኩ? ጨው የበዛበት ሻይ ጠጣሁ፣ ለጋቢ ሰላምታ ሲሰጡ አየሁ።

«አንተ» አለችኝ፣ «ይሄን ሁሉ ጊዜ አብረሃቸው ስትውል ምን ይታይዎታል ብለህ አልጠየቅካቸውም?»

«አልጠየቅኩም።»

«ምን ስታደርግ ነበር?»

«ሳስረዳ።»

ጋሽ ይማም በሳቅ ፈረሱ። እየሳቁ እንባቸው ወረደ። «ዓይን ነው? ዓይን ብቻ ነው?» ይላሉ፤ ዓይኑ መታመሙን እንደ ምሥራች የሰማ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አየሁ። ለምን ዝም እንዳሉ ስጠይቃቸው ቴሌቪዥኑ ያረጀ መስሏቸው እንደነበር ነገሩኝ።

ወልድያ ሄደው የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ተነሣላቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ ተመለሱ። በር ላይ ስቀበላቸው ትኩር ብለው አዩኝና «ለካ መልክህ እንዲህ ነው? ድምፅህ ቆንጆ ያስመስልህ ነበር» አሉኝ። ግድ የለም። ተቀምጠው ተጫወቱ። በአምስት! ደግመው በስድስት። አእምሯቸው ቦታው ነው። ፍርሃቴ በመስኮት ወጣ። ወልድያ የለ፣ ሻንጣ የለ፤ ጋሼ ለእኔና ለመርሳ ቀሩ።

እንዲህ ብዬ ሳልጨርስ ጋሼ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። የሸረሪቱን ድር አዩ። ግድግዳው ላይ ከመስኮቱ እስከ በሩ የሄደውን ስንጥቅ በጣታቸው ተከተሉት። የሸሚዛቸውን ኮሌታ ገልብጠው አዩት። የስኳሩን ጣሳ ከፈቱ።

«ይሄ ጥቁር ጥቁሩ ምንድን ነው?»

«ጉንዳን ነው ጋሼ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስረዳት አልፈለግኩም።

«አይ!» አሉ፣ ጣሳውን እየከደኑ። «ይሄን ቤት ነው እንዴ አልለቅም ብዬ ልጄን ያስለቀስኳት?»

በሦስተኛው ቀን ወልድያ ገቡ። ማንም አልወሰዳቸውም፤ በራሳቸው እግር ነው የሄዱት። እንዳይወስዷቸው ብዬ የዋሸሁት፣ አደራ የበላሁት፣ ጨው የጠጣሁት እኔ ሻንጣቸውን ተሸክሜ ሚኒባሱ ላይ ጫንኩላቸው።

አሁን ተስፋዬ አንድ ነው። የግራ ዓይናቸው ቀጠሮ ገና ነው። እሱም ሲነሣላቸው ወልድያን በደንብ አይተው ይመለሱ ይሆናል።