ክቡር ሰከንድ እና የአራሚዋ ሰዓት

ፈጣሪ መሥሪያ ቤት ሲፈጥር አንድ ሰዓት አስተካካይ አብሮ ይፈጥራል። ደመወዝ የሚከፈለው ለሌላ ሥራ ነው፤ የተወለደው ግን የሰው ሰዓት ሊያርም ነው። በማተሚያ ቤቱ ይህን ማዕረግ የያዙት የኮምፒውተር ባለሙያው ነበሩ። ሁሉም «ክቡር ሰከንድ» ይላቸዋል።

ከጎናቸው ባለው ክፍል የምትሠራው አራሚ አንጀቷ አርሯል። ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ስትላቸው «ሰዓትሽ ሦስት ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርቷል» ይሏታል። «ደህና» ማለት ምን ነበረበት! እጃቸው ወደ ኪቦርዷ ሲዘረጋ «ኧረ በፈጠረህ፣ ኮምፒውተሬን እንዳትነካ!» ትላለች። ማን ሊሰማት!

አንድ ቀን «ሰዓትሽ ቀድሟል» ሲሏት እልህ ይዟት ራሷ ወደ ኋላ ጎተተችው፤ በስህተት አንድ ሙሉ ሰዓት። የማረሚያ ፕሮግራሙም ከደቂቃዎች በፊት ያረመችውን ገጽ፣ «ገና ካልደረሰ ሰዓት የመጣ ገጽ አላውቅም» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ክቡርነታቸው ጫማቸውን ሳያስሩ ደረሱ።

«ሰዓት አይዘለልም፣ እህቴ! እጁን ይዘሽ ነው የምታደርሺው!»

ከዚያ ስብከቱ ቀጠለ። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን በሁለት መንገድ ማዘዝ ይቻላል፤ አንዱ ትእዛዝ ሰዓቱን በአንዴ ያዘልለዋል፣ ሌላው ግን ትክክለኛው ላይ እስኪደርስ ድረስ በጥቂቱ ያፈጥነዋል ወይም ያዘገየዋል። ክቡርነታቸው ይህን ሁለተኛውን የሚያዝ ፕሮግራም በእጃቸው ጽፈዋል። «ማንም ሳይነቃበት!» አሉ፣ እንባ አቅርረው። በሠርጋቸው ቀን እንኳ እንዲህ የሚያለቅሱ አይመስላትም።

የአራሚዋ እውነተኛ ጭንቀት ግን ልጇ ነበረች። አራሚ ክፍል የእጅ ስልክ አይገባም፤ በር ላይ ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ሰዓት የምታየው ከኮምፒውተሯ ነው፤ እሱንም አይታ «ይቺን ገጽ ብቻ» ስትል ይመሻል። ልጅቷ መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ሁልጊዜ ቦርሳዋን እንዳዘለች፣ ከጥበቃው ጎን የመጨረሻዋ ናት። በመጨረሻ የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት በቢሮው መደበኛ ስልክ ደወለች። «ከእንግዲህ ካረፈድሽ ሌላ ቦታ ፈልጊላት።» አራሚዋ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። ግድግዳው ስስ ነው።

ከዚያ ወዲህ ተአምር ሆነ። እያደር በጊዜ ትደርስ ጀመር፤ ልጅቷም ከእኩዮቿ መሐል «እማዬ!» እያለች ትሮጥላታለች። «ተለወጥኩ» አለች አራሚዋ፣ ደረቷን ነፍታ።

አንድ ቀን ስትወጣ ግን፣ ሁሌ ሳታየው ቦርሳዋ ውስጥ የምትወረውረውን ስልክ አየችው። ከኮምፒውተሯ አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል። ቂሟን ሁሉ ይዛ ክቡርነታቸው ክፍል ገባች።

«ያዝኩህ! አንተ የሰከንድ ጠበቃ፣ የኔ ኮምፒውተር አሥር ደቂቃ ይቀድማል!»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ጆሯቸው ቀልቶ።

«ታውቃለህ?!»

«በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አስቀደምኩት። በአንዴ ባዘልለው ትነቂብኛለሽ ብዬ ነው።» መሬት መሬት ያያሉ። «ልጅቷ ብቻዋን ከምትቆም ብዬ… ግን የተሳሳተ ሰዓት ነው እኮ፤ እንቅልፍ ነሳኝ። አሁኑኑ ከዚሁ ሆኜ እመልሰዋለሁ።»

ለአንዲት ሰከንድ የሚሞቱት ሰውዬ አሥር ደቂቃ ሙሉ ዋሽተውላታል። ልትሳደብ አፏን ከፍታ ዓይኗ እንባ ሞላ። እጃቸው ወደ ኪቦርዱ ሲዘረጋ አየች።

«ኮምፒውተሬን እንዳትነካ!» ብላ ጮኸችና ወደ ልጇ ሮጠች።

ክቡርነታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሟት።