አንድ ጣት ያህል ክፍተት

ዛሬ ጠዋት ያየሁትን ሕልም ልንገራችሁ። አፀደ ሕፃናት ውስጥ፣ ያቺ የጀበና ማስቀመጫ የምታክል ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ ጉልበቴ አገጬን ነክቶታል። ሰሌዳው ፊት አርጩሜ ይዛ የቆመችው የጎረቤቴ የእጅጋየሁ ልጅ፣ የስድስት ዓመቷ ፌቨን ናት።

ፌቨንን ሦስት ሳምንት ሙሉ ያስጠናኋት እኔ ነኝ። ፊደሏ ያምራል፤ ግን ቃላቱን እንደ ሸንኮራ እስር አንድ ላይ ትቋጥራቸዋለች። በቃልና በቃል መሀል አንድ ጣት ያህል ቦታ መተው አይሆንላትም። ዛሬ ጠዋት ፈተና ነበረባት፤ ከወደቀች ጓደኞቿ አንደኛ ክፍል ሲገቡ እሷ እዚያው ትቀራለች። በሕልሜ ግን ተፈታኟ እኔ ሆኜ አረፍኩት።

«አስካለ፣ ንፍጥሽን ጥረጊና ተቀመጪ» አለችኝ።

«እሺ፣ እትዬ ፌቨን።»

ከጎኔ የዕድራችን ዳኛ አቶ ጌጡ ኮዳቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ያለቅሳሉ። እማዬ መቼ ነው የምትመጣው፣ ይላሉ። ፌቨን አርጩሜዋን ጠረጴዛው ላይ መታ አድርጋ ሕጉን ተናገረች፤ ከዛሬ ጀምሮ በማንኛውም ነገር መሀል አንድ ጣት ይተዋል።

ወዲያው ታክሲ ተራ ላይ ቆሜያለሁ። ሰልፉ አስፋልቱን ዞሮ ሄዷል፤ ሚኒባሶቹ ግን ባዷቸውን ይበራሉ።

«ረዳት፣ ባዶ ነው እኮ» አልኩት።

«ሞልቷል እናቴ። የጫንነው ክፍተት ነው። ተራራቁ እንጂ፣ ትራፊክ ሰው ካየ በትርፍ ይቀጣናል።»

በሩ ሲዘጋ እጅጋየሁ ቤት ማዕድ ቀርቤ ራሴን አገኘሁት። ያን የሚያህል ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፌ አመጣችና አንድ ጣት ሲቀረው እጇን አቆመች። አንገቴን ባሰግግ እጇም በዚያው ልክ ወደ ኋላ ሸሸ።

«በሞቴ፣ ይጉረሱ» አለችኝ።

«አልደረሰልኝም እኮ።»

«እንደሱ ነው የሚጎረሰው። በሞቴ።»

አፌን እንደከፈትኩ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ከፊቴ ወረቀት ተዘርግቷል። «እኔ ዘንድሮ አልደግምም» ብለሽ ጻፊ ተባልኩ። እኔ የሚለውን ጻፍኩ። ጣቴን ላስቀምጥ ስል እጄን አየሁት፤ አምስቱም ጣቶቼ ተጣብቀው ጭልፋ ሆነዋል። ባሳርፈው መስመሩን ሁሉ ይሸፍናል፤ ባነሳው ዘንድሮ የሚለው ቃል እየሮጠ መጥቶ እኔ የሚለው ላይ ይጠመጠማል። በክርኔ ብገፋውም አልላቀቅ አለ።

«ጣትሽ የታል?» አለች ፌቨን።

«ተጣብቆብኝ ነው፣ እትዬ።»

«ነገ ወላጅ ይዘሽ ነይ።»

«ወላጆቼ ከሞቱ ቆዩ እኮ።»

«እንግዲያው እነሱም ይደግማሉ።»

አቶ ጌጡ እንኳን አልፈው፣ ኮዳቸውን እያወዛወዙ ወጡ። ተነስቼ ልከተላቸው ብል ወንበሯ አብራኝ ተነሳች። ፌቨን ቀይ እስክሪብቶዋን ከፍታ ስሜ ላይ ጎንበስ ስትል በሩ በኃይል ተንኳኳ።

ስባንን የራሴ በር ነው። ሰዓቴን ባይ ሦስት ሊሆን ነው፤ ለካ ሕልሙ አስረፍዶኛል። ስከፍት እጅጋየሁ ቆማ ታለከልካለች።

«እትዬ አስካለ፣ ፈተናው ሊያልቅ ነው። ፌቨን አንዲት ቃል ጻፈችና እርሳሷን አስቀመጠች።»

«ምነው፣ ጠፋት?»

«አልጠፋትም። መምህሯ ጣትሽን አድርጊና ቀጥይ ብትላት፣ የእኔ አይደለም፣ የእትዬ አስካለ ጣት ነው የሚደረገው፣ አለች። እጇን አጣጥፋ እርስዎን እየጠበቀች ነው።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ልጅቷ እንዳትቸገር ብዬ፣ በየቃሉ መሀል ጣቴን ሳስቀምጥላት የኖርኩት እኔው ነኝ።

ትምህርት ቤቱ ከሕንፃችን ጀርባ ነው። ጫማዬን ግራና ቀኝ አቀያይሬ አጥልቄ ከእጅጋየሁ ጋር ወደ ታች ሮጥን። ደረጃውን ሳንጨርሰው የማብቂያው ደወል ተሰማ።